ወገቤን ያለኝን ሰው «በረጅሙ ይተንፍሱ» የምለው ለምንድን ነው

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የሥራ ቀኔ አብዛኛው የሚያልፈው እጄ የሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ነው። ወገቤን፣ ጀርባዬን፣ ትከሻዬን የሚል ሰው ሲመጣ፣ ችግሩን ከሰማሁ በኋላ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ሁሌም አንድ ነው። ከኋላው እቆማለሁ። ሁለት እጆቼን በግራና በቀኝ ታችኛዎቹ ጎድኖቹ ላይ አሳርፋለሁ። አውራ ጣቶቼ አከርካሪው አጠገብ ይገናኛሉ። ከዚያ «በረጅሙ ይተንፍሱ» እላለሁ።

ብዙዎች ግር ይላቸዋል። «እኔ እኮ የመጣሁት ለወገቤ ነው፤ ሳንባዬ ደህና ነው» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ሳንባቸው ደህና ነው። እኔም የማየው ሳንባቸውን አይደለም። አየር ሲገባ አውራ ጣቶቼ ይራራቃሉ ወይስ ባሉበት ይቀራሉ? ግራው እንደ ቀኙ ይከፈታል? ጎኑ ነው የሚሰፋው ወይስ ትከሻው ነው ወደ ጆሮ የሚወጣው? ሲተነፍስ የሚያመው ቦታ አለ? ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ሰውየው ጀርባውን እንዴት ይዞ እንደሚኖር ብዙ ይነግረኛል።

ደረትንና ጀርባን ለየብቻ ማሰብ ለምደናል። ደረት የልብና የሳንባ ቤት ነው፣ ጀርባ ደግሞ ሸክም የሚችል ነው እንላለን። ሰውነት ግን እንዲህ ተከፋፍሎ አልተሠራም። ከፊት ያለው አጥንት ከኋላ ካለው ጋር የተገጠመ ነው። የትንፋሽ ዋናው ጡንቻ ሥሩ ያለው ወገብ ላይ ነው። የክንድ ጡንቻ የምንላቸው ጎድን ያነሳሉ፣ የጀርባ የምንላቸው ክንድ ይጎትታሉ። ይህን አንዴ የተረዳ ሰው ጀርባውን የሚንከባከብበት መንገድ ይለወጣል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ከአጥንቱ እንጀምር። ጎድን 12 ጥንድ ነው፣ በወንድም በሴትም። ጥቂት ሰዎች አንገታቸው ሥር ትርፍ ጎድን ይዘው ይወለዳሉ፣ እሱን ለጊዜው እንተወው። የመጀመሪያዎቹ 7 ጥንዶች በየራሳቸው ልም አጥንት በኩል ደረት መሀል ካለው የፍርምባ አጥንት ጋር ይገናኛሉ። ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉት በቀጥታ አይደርሱም፤ ከበላያቸው ያለው ጎድን ልም አጥንት ላይ ይለጠፋሉ። 11ኛውና 12ኛው ከፊት ምንም አይነኩም፤ ጫፋቸው የሆድ ጡንቻ ውስጥ ይቀራል።

እዚያው ተቀምጣችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ሥር ያለው ጎድጓዳ ላይ አድርጉ። ፍርምባውን ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስትወርዱ አግድም የወጣች ጉብታ ታገኛላችሁ። ከጉብታዋ ግራና ቀኝ ያለው ሁለተኛው ጎድን ነው። የመጀመሪያው ከአንገት ሥር ባለው አግድም አጥንት ስለሚሸፈን ለመቁጠር አይመችም። የልብ ምርመራ ሽቦዎች ደረት ላይ ሲለጠፉ ባለሙያው ጎድን መቁጠር የሚጀምረው ከዚህች ጉብታ ነው። ተማሪዎች ወደ እኔ ለልምምድ ሲመጡ መጀመሪያ የማስነካቸው እሷን ነው። ጉብታዋን በእጁ ያገኘ ተማሪ ከዚያ በኋላ ደረትን በሥዕል ብቻ አያስበውም።

አሁን ወደ ኋላ እንዙር፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው። እያንዳንዱ ጎድን ከኋላ ከአከርካሪው ጋር የሚያያዘው በመገጣጠሚያ ነው። አብዛኞቹ ደግሞ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ይገናኛሉ። የጎድኑ ራስ ሁለት ጎረቤት አንጓዎችን፣ ማለትም አከርካሪን የሚሠሩትን ነጠላ አጥንቶች፣ እና በመሀላቸው እንደ ትራስ ያለውን ዲስክ ይነካል። ትንሽ ወጣ ብሎ ደግሞ ጎድኑ የአንጓውን የጎን ዘንግ ይነካል። እነዚህ ሁሉ የሚንቀሳቀሱ መገጣጠሚያዎች ናቸው። እንቅስቃሴያቸው ትንሽ ነው፣ ግን አለ። በእያንዳንዱ ትንፋሽም ይሠራሉ። አንድ አዋቂ ሰው አርፎ በተቀመጠበት በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። በቀን ሲታሰብ ወደ 20,000 ገደማ ይመጣል። ከሰውነታችን ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ የሚንቀሳቀስ ሌላ መገጣጠሚያ ማግኘት ይከብዳል። ሰው ግን «ጀርባዬ አይንቀሳቀስም» ብሎ ያስባል።

ጎድኖች ሁሉ አንድ ዓይነት አነሳስ የላቸውም። ላይኞቹ ሲነሱ ፍርምባውን ወደ ፊትና ወደ ላይ ይገፉታል፤ ደረት ከፊት ወደ ኋላ ይወፍራል። ታችኞቹ ግን ወደ ጎን ነው የሚከፈቱት። ከሁለቱ የመጨረሻዎቹ በቀር ከፊትም ከኋላም የተያዙ ናቸው፣ መሀላቸው ግን ወደ ታች ያዘነበለ ነው። አየር ስንስብ ያ መሀል ወደ ውጭና ወደ ላይ ይነሳል፤ የተኛ የባልዲ እጀታ ሲነሳ እንደሚሆነው ማለት ነው። እጄን ታችኛዎቹ ጎድኖች ላይ የማሳርፈው ይህን ለመያዝ ነው። ሕመም የፈራ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ይህንን ወደ ጎን መከፈት ነው። ትንፋሹን ወደ ላይ ይወስደዋል። አንገቱና ትከሻው ይሠራሉ፣ ወገቡ አጠገብ ያለው ሁሉ ደንዝዞ ይቀመጣል።

ይህን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ጡንቻ ዲያፍራም ነው። ደረትንና ሆድን የሚለይ ስስ፣ ወደ ላይ የጎበጠ ጡንቻ ነው። ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል። በእረፍት ትንፋሽ ጊዜ የሚወርደው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ በጣም ረጅም አየር ስንስብ ግን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከፊት የፍርምባው ጫፍ ላይ፣ ከጎን ታችኛዎቹ 6 ጎድኖች ላይ ይያዛል። ከኋላስ? ከኋላ ሁለት ወፋፍራም እግሮች አሉት። ወገብ ላይ ነው የሚተከሉት። የቀኙ እስከ 3ኛው፣ የግራው እስከ 2ኛው የወገብ አንጓ ድረስ ይወርዳል። የወገብ አንጓ በድምሩ 5 ነው። እንግዲህ አስቡት። ቀንና ሌሊት የሚያስተነፍሰን ጡንቻ ሥሩን የሰደደው ሰው ሁሉ «ወገቤን» ብሎ እጁን በሚያደርግበት ቦታ ላይ ነው። ለወገቡ የመጣን ሰው ትንፋሹን ሳላይ ብሸኘው ሥራዬን ግማሹን እንደተውኩት እቆጥረዋለሁ።

ዲያፍራምን የሚያዘው ነርቭ የሚነሳው ደግሞ ሩቅ ነው፤ ከአንገት፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው የአንገት ነርቭ። ለዚህ ነው ከዲያፍራም ሥር የሚነሳ ችግር፣ ለምሳሌ የሐሞት ከረጢት ሕመም፣ አንዳንዴ ትከሻ ላይ የሚሰማው። ለዚህም ነው አንገታቸው ላይ ህብለ ሰረሰራቸው ከዚያ ዝቅ ብሎ የተጎዳ ሰዎች እጅና እግራቸው አልታዘዝ ቢልም በራሳቸው መተንፈስ የሚችሉት።

እነዚህን ታካሚዎች በቅርብ ማየት ደረት እንዴት እንደሚሠራ ከማንኛውም ትምህርት በላይ ያሳያል። ዲያፍራማቸው ይሠራል። በጎድንና በጎድን መሀል ያሉት ጡንቻዎች ግን ሽባ ናቸው። አየር ሲስቡ ሆዳቸው ይነፋል፣ የደረታቸው ላይኛ ክፍል ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ዲያፍራም ሲወርድ ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በጎድኖች መሀል ያለው ቦታ የሚያጠነክረው ከሌለ ይሳባል። በጤነኛ ሰው ላይ ይህ የማይታየው እነዚያ ትናንሽ ጡንቻዎች ሳያርፉ ስለሚሠሩ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ማሳል አለመቻላቸው ነው። የሆድ ጡንቻቸው አይታዘዝማ። አክታ ሲሞላባቸው እጃችንን ሆዳቸው ላይ አድርገን፣ ከእነሱ ጋር ቆጥረን፣ ሊያስሉ ሲሉ ወደ ውስጥና ወደ ላይ እንገፋለን። አክታው ሲወጣና ፊታቸው ዘና ሲል ማየት የሥራዬ ትልቁ ደስታ ነው።

በጎድኖች መሀል ያሉት ጡንቻዎች ሦስት ድርብ ናቸው። የውጨኛው ጭረት ወደ ታችና ወደ ፊት ይሄዳል፣ የመሀለኛው ተቃራኒውን። ሥራቸው ምንድን ነው በሚለው ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሀምበርገርና ሃለር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ኃይለኛ ክርክር ገጥመው ነበር። ሀምበርገር የውጨኞቹ አየር ያስገባሉ፣ የመሀለኞቹ ያስወጣሉ አለ። ሃለር ደግሞ ሁለቱም አየር ያስገባሉ ባይ ነበር። ዛሬ በኤሌክትሪክ መለኪያ ሲታይ ነገሩ በአብዛኛው ወደ ሀምበርገር ያደላል። ፍርምባው አጠገብ ያሉት የመሀለኛው ድርብ ጡንቻዎች ግን አየር በማስገባት ይሠራሉ፤ እዚያች ቦታ ላይ ሃለርም ትክክል ነበር። በእያንዳንዱ ጎድን የታችኛ ጠርዝ ውስጥ ደም መልስ፣ ደም ቅዳና ነርቭ ተያይዘው የሚያልፉበት ቦይ አለ። ከሳንባ ዙሪያ ውኃ ለመቅዳት መርፌ ሲገባ ሁሌም ከጎድን በላይ በኩል እንጂ ከሥሩ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ጀርባ ጡንቻዎች ስንመጣ ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ወፍራም ሥጋ ነው። በድርብ በድርብ የተሠራ ነው። የሚገርመው ደግሞ ላይ ላዩን ያሉት፣ ጂም የሚሠራ ሰው በመስታወት የሚያያቸው፣ በእውነቱ የጀርባ ጡንቻዎች አይደሉም። የክንድ ናቸው። ትራፒዚየስ ከራስ ቅል ሥር ተነስቶ እስከ 12ኛው የደረት አንጓ ይወርድና የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት፣ ስካፑላ የምንለው ላይ ይያዛል። ሮምቦይዶች ስካፑላውን ወደ አከርካሪ ይስባሉ። ላቲሲመስ ዶርሲ ከዳሌና ከወገብ ተነስቶ ጎንን አቅፎ፣ ብብት ሥር አልፎ፣ ክንድ ላይ ያርፋል።

የማን እንደሆኑ የሚመሰክረው ነርቫቸው ነው። የእውነተኞቹ የጀርባ ጡንቻዎች ነርቭ ከአከርካሪው እንደወጣ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ቅርንጫፍ ነው። ላቲሲመስ ግን ሥሩ ዳሌ ላይ ቢሆንም ነርቩ የሚመጣው ከአንገት ነው፣ ከክንድ ነርቮች ጋር አብሮ። ይህ ለፈተና ብቻ የሚጠና ዝርዝር ከመሰላችሁ አይደለም። ደረቱ አካባቢ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት ሰው ላቲሲመሱ ሙሉ በሙሉ ሕያው ነው። ክንዱን ክራንች ላይ ደግፎ በዚያ ጡንቻ ዳሌውን ወደ ላይ መሳብ ይችላል። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሲሻገርም የሚያነሳው እሱ ነው። ከነዚህ ሰዎች ጋር ስሠራ ላቲሲመስን እንደ ዋና ሀብታቸው ነው የምይዘው።

ይኸው ጡንቻ በትንፋሽም ውስጥ አለ። አንድ እጃችሁን በሌላኛው ብብት ሥር፣ ከኋላ ወፍራም በሆነው እጥፋት ላይ አድርጉና ጠንከር ያለ ሳል ሳሉ። ጡንቻው ድንገት ሲጠነክር ይሰማችኋል። ሩጫ የጨረሰ ሰው ወይም አስም የተነሳበት ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን ጉልበቱ ላይ ሲደግፍ አይታችሁ ይሆናል። ክንድ ሲደገፍ ትከሻ ይጸናል። ያኔ ወትሮ ክንድን የሚያንቀሳቅሱት የደረት ጡንቻዎች ዞረው ጎድን ያነሳሉ። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ጎድን የሚያዘው ፔክቶራሊስ ማይነር አንዱ ነው። ሰውየው ይህን ማንም አላስተማረውም፣ ሰውነቱ ያውቀዋል። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው «ቀና በል» ብላችሁ አታስጨንቁት፤ የሚደገፍበት ጠረጴዛ ስጡት።

ስለ ሴራተስ አንቴሪየር ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የምወደው ጡንቻ ነው። ከላይኛዎቹ 8 ወይም 9 ጎድኖች ጎን ላይ ይነሳል። በስካፑላና በጎድኖች መሀል ሾልኮ የስካፑላው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ይያዛል። ስካፑላን ደረት ላይ አጣብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ስካፑላ ከቀረው አጽም ጋር በአጥንት የሚገናኘው በአንገት ሥሩ አግድም አጥንት በኩል ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በጡንቻ የተንጠለጠለ ነው። ክንዳችንን ወደ ጎን አንስተን እስከ ላይ ስናደርስ ከ180 ዲግሪው 60 ያህሉ የሚመጣው ስካፑላ ደረት ላይ ሲዞር ነው።

ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ እኔ የመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ፀጉሬን ማበጠር አቃተኝ፤ ቁስሉ ግን ድኗል» አሉኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በሁለት እጃቸው እንዲገፉ ጠየቅኳቸው። የቀኝ ስካፑላቸው ጠርዝ ከጀርባቸው ተነጥሎ ወጣ። ሴራተስን የሚያዘው ነርቭ ረጅም ነው፤ በጡንቻው ላይ፣ ከብብት ወደ ታች፣ ያለ ብዙ መሸፈኛ ይወርዳል። ብብት ውስጥ ያሉ ንፍፊቶች ሲወጡ ሊነካ ይችላል። ነርቩ ተለጥጦ እንጂ ሳይቆረጥ ከቀረ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል። እስኪመለስ ግን መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ መሥራት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ተኝተው፣ ቀጥሎ ግድግዳ ላይ እጃቸውን እያንሸራተቱ ሠራን። ትዕግሥታቸው ለእኔ ትምህርት ነበር። ፀጉራቸውን ራሳቸው ሠርተው የመጡ ቀን ሁለታችንም አለቀስን።

ክንድን ማንሳት የጀርባም ሥራ ነው። ማስረጃው ቀላል ነው። ጎብጣችሁ፣ ደረታችሁን ወደ ሆዳችሁ ጥላችሁ ተቀመጡና አንድ ክንዳችሁን እስከምትችሉት አንሱ። ቦታውን ያዙት። አሁን ቀና ብላችሁ ድገሙት። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ደረት ጎን ያለው የአከርካሪ ክፍል ወደ ኋላ ቀና ካላለ ስካፑላ በደንብ አይዞርም፣ ክንድም መንገዱ ያጥራል። ትከሻዬ አልነሳ አለኝ ብሎ የሚመጣን ሰው ከትከሻው በፊት ጎድኖቹንና ጀርባውን የማላቅቅበት ጊዜ አለ።

በሁለቱ ስካፑላዎች መሀል ስለሚሰማው ሕመም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ሰው ሁሉ «እዚህ ጋ ቋጠሮ አለኝ፣ እሽልኝ» ይላል። አሻለሁ፤ ለጊዜው ደስ ይላል። ግን ያ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚያመው ከራሱ ችግር የተነሳ አይደለም። የታችኛው የአንገት ዲስኮችና መገጣጠሚያዎች ሕመማቸውን የሚልኩት በትክክል እዚያ ነው። በሳምንት በሳምንት መታሸት ያልለቀቀው ሕመም አንገቱን ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ሲያደርግ የሚነሳ ከሆነ፣ የሚታከመው አንገቱ ነው። ይህን ሳይመረምሩ በክርን እየደቆሱ ገንዘብ መቀበል ልክ አይመስለኝም።

ከነዚህ ሁሉ ሥር እውነተኞቹ የጀርባ ጡንቻዎች አሉ። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ዓምዶች ሆነው ከዳሌ እስከ ራስ ቅል ይዘልቃሉ። ኢሬክተር ስፓይኒ ይባላሉ። አንዱ ክፍላቸው በየጎድኑ ላይ እየተያዘ ነው የሚወጣው፤ እዚህም ጎድንና ጀርባ አይለያዩም። ቀና አድርገው ይይዙናል፣ ከሁሉ በላይ ግን ጎንበስ ስንል ቀስ እያሉ ይለቁናል። ሁለት እጃችሁን ወገባችሁ ላይ፣ አከርካሪው ግራና ቀኝ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ጎንበስ በሉ። መጀመሪያ ጡንቻው እንደ ገመድ ይወጠራል። መጨረሻ ላይ፣ ሙሉ በሙሉ ስትጎነበሱ፣ ድንገት ይለሰልሳል። ክብደቱን ጅማቶች ተቀብለውት ጡንቻው አርፏል። ይህን ፍሎይድና ሲልቨር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኤሌክትሪክ ለክተው አሳይተዋል። ወገቡን የሚያመው ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ይህ ማረፍ ይጠፋል፤ ጡንቻው እስከ መጨረሻው ተወጥሮ ይቀራል። ሰውየው ደካማ ጀርባ ያለው ይመስለዋል። እጄ ሥር የማገኘው ግን ማረፍ ያቃተው ጡንቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በመጀመሪያው ቀን የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ አልሰጥም። እንዲለቅ ነው የማስተምረው፤ በትንፋሽ።

ከሁሉም ጥልቅ የሆኑት ትናንሾቹ ናቸው። ከመካከላቸው ዋናው መልቲፊደስ ነው። ከአንጓ ወደ አንጓ እየዘለለ የሚያያዝ፣ ወገብ ላይ የሚወፍር ጡንቻ ነው። ወገብ በጣም ሲያመን ባመመን በኩል ይቀጥናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ያሳየው ነገር የኔንም አሠራር የሚመራ ነው፤ ሕመሙ ሄዶም ቢሆን ጡንቻው በራሱ ወደ ቦታው አይመለስም። «ተሽሎኛል» ብሎ ሕክምናውን የሚያቋርጥን ሰው የምለማመጠው ለዚህ ነው። እንቅስቃሴው ከባድ አይደለም። በአራት እግር ተንበርክኮ አንድ ክንድና ተቃራኒውን እግር ቀስ ብሎ መዘርጋት፣ ትንፋሽ ሳይያዝ። «ትንፋሽ ሳይያዝ» የሚለውን ደጋግሜ ነው የምናገረው።

ከባድ ነገር ሲነሳስ? እዚያ ላይ ትንፋሽ መያዝ የራሱ ምክንያት አለው። ዲያፍራም ከላይ፣ የሆድ ጡንቻ ከፊትና ከጎን፣ የዳሌ ወለል ጡንቻ ከታች ሲጨብጡ ሆድ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ወገብ ይጸናል። ሰውነት በጣም ከባድ ሸክም ሲያይ በራሱ ያደርገዋል። ችግሩ እርሳስ ለማንሳትም እንዲሁ የሚያደርግ ሰው መኖሩ ነው። አንዴ ወገቡን ያመመው ሰው ጫማውን ሲያስር ትንፋሹን ይይዛል፣ ከወንበር ሲነሳ ይይዛል፣ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ይይዛል። ዲያፍራም ሁለት ሥራ አለው፣ ማስተነፈስና ወገብን ማጽናት። ጤነኛ ሰው ሁለቱን ባንዴ ይሠራል። ያመመው ሰው አንዱን ለሌላው ይሠዋል። እነዚያን ትንንሽ የቀን ሥራዎች አየር እያስወጡ መሥራት ብቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ ሰው ሲያቀል አይቻለሁ።

«ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» የሚለውን ምክር አልወደውም። ለሁሉ ሰው የሚሆን አንድ ትክክለኛ አቀማመጥ የለም። ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብሎ መድረቅም ቀኑን ሙሉ እንደመጉበጥ ያደክማል። እኔ የምለው ተንቀሳቀሱ ነው። ወንበር ላይ ሆናችሁ እጃችሁን ታችኛው ጎናችሁ ላይ አድርጉ፤ አምስት ስድስት ጊዜ እጃችሁን ወደ ውጭ እየገፋችሁ ተንፍሱ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞር በሉ። ክንዳችሁን አንሱ። በየሰዓቱ ተነሱ።

ጎድን የተሰበረ ሰው ካለ ደረቱን በፋሻ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሠሩት። ድሮ ይደረግ ነበር፣ ቀርቷል። ሰውየው ሕመሙን ፈርቶ አጭር አጭር ይተነፍሳል፣ አክታ ይጠራቀማል፣ የሳንባ ምች ይከተላል። በቂ የሕመም ማስታገሻ ይውሰድ፣ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ይሳል፣ በየሰዓቱ በረጅሙ ይተንፍስ። አጥንቱ በስድስት ሳምንት አካባቢ ይያያዛል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከሆኑ ደግሞ ሐኪም ሳያያቸው ቤት አይቀመጡ።

ፍርምባ አጠገብ በጣት ሲጫኑት የሚያም ሕመም ብዙ ጊዜ የልም አጥንቱ መቆጣት ነው፣ በጊዜ ያልፋል። ግን ሲጫኑት ማመሙ ብቻውን «ልብ አይደለም» ለማለት አይበቃም። ደረትን ጨምቆ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለው ሕመም ከመጣ እኔ ዘንድ አትምጡ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የወገብ ሕመምም አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፣ አልጋ ላይ መዋልም አይጠቅመውም። ነገር ግን በእግሮች መሀል መደንዘዝ፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት አለመቻል፣ የሁለት እግር መዛል ከታየ ያ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ቀን፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል መድረስ አለባችሁ።